የወንጀልና የልብ አንጠልጣይ መጻሕፍት መደርደሪያ፦ ቆልፈን እናስቀምጥ ወይስ እናውስ?

መድረክ፦ የወሎ ቤተ መጻሕፍትና አንባቢያን › አደረጃጀትና ውሰት

ሐይቅ ዳር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:40

ሰላም ለሁላችሁ። ለከተማችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ወደ 300 የሚጠጋ ልቦለድ በስጦታ ገብቷል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው የወንጀል፣ የስለላና ልብ አንጠልጣይ ነው። ወጥ አማርኛም አለ፣ ትርጉምም አለ፣ ጥቂት እንግሊዝኛም ተቀላቅሎበታል። አሁን በካርቶን እንዳለ ነው። በዲዊ ቁጥር (ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍን በዓይነቱ በሚለይበት የመደብ ቁጥር) እንደርድረው ወይስ ለብቻው መደርደሪያ እንስጠው? ለቤት ይዋስ ወይስ እዚያው ይነበብ? ያረጁትንስ ማን ይጠርዛቸው? የምታውቁ ጀባ በሉን።

የጦሳ ጥላ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:25

እንኳን ደስ ያላችሁ፤ ለከተማ ቤተ መጻሕፍት 300 ልቦለድ ትንሽ ሀብት አይደለም። መጀመሪያ ዲዊ ምን እንደሚያደርግባችሁ ልንገርህ። ዲዊ ልቦለድን የሚከፍለው መጀመሪያ በተጻፈበት ቋንቋ ነው። ወጥ የአማርኛ ልቦለድ 892.873 ላይ ይገባል። የእንግሊዝ ደራሲ ከሆነ 823፣ የአሜሪካ ከሆነ 813፣ ከፈረንሳይኛ የመጣ 843። መጽሐፉ በአማርኛ ቢታተምም ቁጥሩ የሚሄደው ከደራሲው ቋንቋ ጋር ነው። እውነተኛ የወንጀል ታሪክ 364.1 ነው፣ ስለላ ደግሞ 327.12። እንግዲህ «መርማሪ ያለበት መጽሐፍ ስጠኝ» ብሎ የመጣ ሰው ስድስት ቦታ ሊዞር ነው። ዲዊ ለተመራማሪ ሸጋ ነው፤ ማታ የሚያነበውን ለሚፈልግ ሰው ግን አይሆንም።

ስለዚህ ከ1,000 ጥራዝ ለማይበልጥ ልቦለድ በፊደል መለያ መሥራት ይበቃል። «ል» ብሎ ልቦለድ፣ ከሥሩ ዘርፉ፦ «ል/ወ» ወንጀል፣ «ል/ስ» ስለላ፣ «ል/ፍ» ፍቅር፣ «ል/ታ» ታሪካዊ። ከዚያ የደራሲው ስም የመጀመሪያ ሦስት ፊደላት ይከተላሉ። የዲዊውን ቁጥር አትተወው፤ በገቢ መዝገቡና በካታሎጉ ላይ ይጻፍ፤ የመጽሐፉ ጀርባ (ሲደረደር የሚታየው ጠባብ ጎን) ላይ ግን አይለጠፍ።

ደራሲውን በራሱ ስም ያዙት እንጂ በአባቱ ስም አይሁን። በዓሉ ግርማ «በዓሉ» ላይ ነው የሚፈለገው። ለውጭ ደራሲ ግን የቤተሰብ ስሙ ይቅደም፤ ኮናን ዶይል «ዶይል» ላይ፣ አጋታ ክሪስቲ «ክሪስ» ላይ።

ሌላው ራስ ምታት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ናቸው። በወረቀት ካርድ ስትደረድሩ ሀ፣ ሐ እና ኀን እንደ አንድ ቁጠሯቸው፤ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀንም እንዲሁ። በኮምፒውተር ከሆነ ግን ማሽኑ አይሰማችሁም። ኤክሴል «ሀዲስ» እና «ሐዲስ» የተባሉትን በመካከላቸው የ«ለ»ን ቤት አስገብቶ ይለያያቸዋል፤ «ኀ» ደግሞ ከ«ቸ» ወዲያ ወርዶ ይገኛል። መፍትሔው አንድ ተጨማሪ ዓምድ ነው። «ማፈላለጊያ» በሉትና ርዕሱንም ደራሲውንም በሀ፣ በሰ፣ በአ እና በጸ ብቻ ድጋሚ ጻፉበት። ድርደራውም ፍለጋውም በዚያ ዓምድ ይሁን። ኮሃ የሚባለውን የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ በርዕሱ ገጽ ላይ ያለው ርዕስ ቁጥር 245 በተባለው መሙያ ላይ እንዳለ ይግባ፣ ሌላው አጻጻፍ 246 ላይ ይጨመር። ያኔ አንባቢው በየትኛውም ፊደል ቢጽፍ ያገኘዋል።

ቦርከና | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:02

የጦሳ ጥላ ያለው ልክ ነው፤ ግን «ል/ወ» ብሎ ጀርባ ላይ የሚጻፍ ነገር ከሁለት ሜትር ርቀት ማን ያነበዋል? ባለቀለም ፕላስተር ይሻላል። ከመጽሐፉ ግርጌ 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ሁሉም ላይ በእኩል ቁመት፣ 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀይ ለወንጀል፣ ጥቁር ለስለላ። መጽሐፍ ያለቦታው ሲገባም በዓይን ያስታውቃል። የኤሌክትሪክ ፕላስተር ግን አታድርጉ። የኮምቦልቻ ሙቀት ሙጫውን ያቀልጠውና ጎረቤት መጽሐፍ ላይ ይጣበቃል፣ ሲነሣም የሽፋኑን ቀለም ይዞ ነው የሚነሣው። ባለቀለም ወረቀት ቆርጦ በቪናቪል (በነጭ ኮላ) መለጠፍ ርካሽም ነው፣ ይቆያልም።

የጦሳ ጥላ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:10

ተስማምቻለሁ፤ ቀለሙም ፊደሉም ይሁኑ። ቀለም ብቻውን ግን የአንዱን ደራሲ መጻሕፍት አንድ ላይ አያቆማቸውም።

ሰቆጣ ማዶ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:31

ስለ ትርጉሞቹ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከ300ው ውስጥ ጊዜ የሚበላችሁ እሱ ነው። የእኛ ተርጓሚዎች ርዕስ ይቀይራሉ። አንዱ መጽሐፍ በሁለት ተርጓሚ፣ በሁለት ርዕስ፣ በሁለት ሽፋን ይወጣል። አንባቢው ሁለቱንም ወስዶ በሦስተኛው ምዕራፍ ላይ «ይኼንንማ አንብቤዋለሁ» ብሎ ይመልሳል። በዋናዎቹ ላይም ያለ ነገር ነው፤ አጋታ ክሪስቲ ከጻፈቻቸው 66 የወንጀል ልቦለዶች አንዳንዶቹ እንግሊዝ አገር አንድ ርዕስ፣ አሜሪካ ሌላ ርዕስ ይዘው ወጥተዋል። ስለዚህ የሽፋን ርዕስ አትመኑ።

መለያው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የርዕሱን ገጽ ጀርባ እዩ፤ የዋናው ርዕስ ካለ እዚያ ነው። ከሌለ መግቢያውን አንብቡ፣ ተርጓሚዎች ብዙ ጊዜ በምስጋናው መሀል ይጠቅሱታል። እዚያም ከጠፋ ከመጀመሪያዎቹ 20 ገጾች የሦስት ገጸ ባሕርያትን ስምና የከተማውን ስም መዝግቡና ከሌሎቹ ትርጉሞች ጋር አስተያዩ። ተርጓሚው ርዕስ ቢቀይርም የመርማሪውን ስም እምብዛም አይቀይርም። ሁለት ትርጉሞች አንድ ሆነው ከተገኙ በሁለቱም የውስጥ ሽፋን ላይ «ይህ መጽሐፍ በሌላ ርዕስም ተተርጉሟል፤ እርሱም ...» የሚል ወረቀት ይለጠፍ።

በዋናው ደራሲ ስም ይደርደር፣ የተርጓሚው ስም በካታሎጉ ሁለተኛ መግቢያ ይሁን። ዋናው ደራሲ ካልታወቀ ግን በተርጓሚው ስም ይግባ እንጂ «ያልታወቀ» ተብሎ አይከመር።

ሌላ የሚያከራክር አለ፤ የእውነተኛ ስለላ ታሪኮች። የእኛው የወሎ ሰው ማሞ ውድነህ ከተረጎሟቸው መጻሕፍት ብዙዎቹ የጦርነትና የስለላ ታሪኮች ናቸው። አንባቢ የሚጠይቃቸው ከልቦለዱ ጋር ነው። በሕጉ 327.12 ወይም የጦርነቱ ታሪክ ቁጥር ላይ መግባት አለባቸው። እኔ ብሆን ከ«ል/ስ» አጠገብ አስቀምጬ «እውነተኛ ታሪክ» የሚል ጠባብ ምልክት ጨምርባቸዋለሁ።

ቦርከና | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:15

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ስ? ስለላ ነው፣ ፖለቲካ ነው፣ ፍቅር ነው።

ሰቆጣ ማዶ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:50

ሁለት ቅጂ ካለ አንዱ «ል/ስ»፣ አንዱ አጠቃላይ ልቦለድ ላይ። አንድ ብቻ ከሆነ ጠረጴዛው አጠገብ። በ1975 ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ የተሰበሰበ መጽሐፍ ስለሆነ የጥንቱ እትም እጃችሁ ከገባ እሱን አታውሱት፤ የቅርቡን እትም አውሱ፣ የጥንቱ እዚያው ይነበብ።

ንብረት ክፍል | ማክሰኞ፣ ከረፋዱ 4:20

ሁላችሁም ስለ ቀለም ታወራላችሁ፤ መጽሐፉ የሚቆለፈው በሌላ ምክንያት ነው። በየወረዳው ልቦለድ የማይዋሰው ባለሙያው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ሆኖ በስሙ ስለተመዘገበ ነው። ሰኔ 30 ቆጠራ ይመጣል። መጽሐፉ ከጎደለ የሚጠየቀው እሱ ነው። በዚህ ላይ መጽሐፉ ከጠረጴዛና ከወንበር ጋር በአንድ የቋሚ ንብረት መዝገብ ይሰፍራል። ጠረጴዛ ሃያ ዓመት ይቆያል። እጅ በእጅ የሚዞር ልቦለድ ግን፣ በተለይ በሙቅ ኮላ የተጠረዘው፣ ከ30 እስከ 40 ጊዜ ከተዋሰ በኋላ ዕድሜው ያልቃል። ይህን የማያውቅ አሠራር ሠራተኛውን ቁልፍ ያዥ ያደርገዋል።

መላው ገና ከጅምሩ፣ ከካርቶኑ ሳይወጣ ነው። ስጦታውን በሞዴል 19 ስትቀበሉ በአንድ መስመር «ልዩ ልዩ መጽሐፍ 300» አታስብሉት። ሁለት ዝርዝር ይሁን። አንደኛው ማጣቀሻና የማይዋስ፤ መዝገበ ቃላት፣ የሕግ መጽሐፍ፣ የጥንት እትም። ሁለተኛው «ለውሰት የተዘጋጀ፣ በአገልግሎት የሚያልቅ» ተብሎ በኃላፊ ፊርማ የተለየ። ከሁለተኛው ጋር አንድ ገጽ ቃለ ጉባኤ ይያያዝ፤ በዓመት ከመቶ ስንት ጥራዝ በመጥፋትና በመቀደድ ሊወገድ እንደሚችል፣ ከዚያ ካለፈ ብቻ ሠራተኛው እንደሚጠየቅ። ቁጥሩን መሥሪያ ቤቱ ይወስን፤ ከ5 በታች ካደረጋችሁት ግን ተመልሳችሁ ቁልፍ ላይ ናችሁ።

የውሰት ቀኑንም ከቆጠራው ጋር አስማሙ። ከሰኔ 10 በኋላ ለቤት ውሰት ይዘጋ፣ እስከ ሰኔ 20 ሁሉም ይመለስ፣ ሐምሌ 1 ይከፈት። ተማሪው ፈተናውን ጨርሶ ወደ ገጠር የሚበተነው በዚያው ሰሞን ነው፤ በሰኔ አጋማሽ የወጣ መጽሐፍ መስከረም ላይ ቢመለስ ነው። የተጎዳው መጽሐፍ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ለንብረት ማስወገድ ኮሚቴ በዝርዝር ይቅረብ። ሳይወገድ ሣጥን ውስጥ የተከተተ ብጥስጣሽ በቆጠራ ላይ እንደ ጤነኛ መጽሐፍ ይቆጠራል፣ አዲስ ግዢ ሲጠየቅም «300 አላችሁ» ያስብላል።

ሐይቅ ዳር | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:45

ንብረት ክፍል፣ እግዜር ይስጥህ፤ ይኼን የነገረን አልነበረም። ሞዴል 19ኙ ገና አልተቆረጠም፣ በሁለት ዝርዝር እንጠይቃለን። የጥራዙንና የውሰቱን ነገር የምታውቁ ቀጥሉልን። አንዳንዶቹ የመጨረሻ ገጻቸው የለም።

የሸዋ በሯ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:30

የመጨረሻ ገጽ ነገር የወንጀል ልቦለድ የራሱ በሽታ ነው። የፍቅር መጽሐፍ መሀሉ ይላላል፣ የወንጀል ግን የሚጎዳው ከኋላው ነው፤ ቸኩሎ ገዳዩን ለማወቅ ሁሉም መጨረሻውን ገልጦ ስለሚያይ ጀርባው እዚያ ላይ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ቅጠሎቹ ይወልቃሉ። ቀዶ የሚወስድም አይጠፋም። መጽሐፉ ገና ሲመዘገብ ቁጥር ያለበትን የመጨረሻ ገጽ ፈልጋችሁ በገቢ መዝገቡም፣ በኋላ ሽፋኑ ውስጥ በሚለጠፈው የመመለሻ ቀን ወረቀትም ላይ «እስከ ገጽ 312» ብላችሁ ጻፉ። ሲመለስ ያንን ገጽ ገልጦ ማየት አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ጎድሎ ከገባም ሲገባ እንደጎደለ ይጻፍና የቀጣዩ ተዋሽ ዕዳ አይሁን።

መጨረሻው የሌለው የወንጀል ልቦለድ መደርደሪያ ላይ አይውጣ። በፍጹም። 280 ገጽ አንብቦ ገዳዩን ያላገኘ ሰው ሁለተኛ አይመጣም። ሌላ ቅጂ እስኪገኝ ይነሣ።

ማኅተሙ ሦስት ቦታ ይረፍ፤ የርዕሱ ገጽ፣ እናንተ ብቻ የምታውቁት አንድ ቋሚ ገጽ (ለምሳሌ ሁሌም 37)፣ እና የመጨረሻው የታሪክ ገጽ። ጽሑፍ ላይ አይረፍ፣ ኅዳጉ ላይ ይሁን። የመጨረሻው ገጽ ማኅተም ካለበት ለመቅደድ እጅ ትንሽ ይሰንፋል።

ውሰቱ ለወንጀልና ልብ አንጠልጣይ 7 ቀን ይበቃል። ይኸ ዓይነት መጽሐፍ ከተነበበ በሁለት በሦስት ሌሊት ነው የሚነበበው፤ 15 ቀን ከሰጣችሁት አንባቢው ጨርሶ ለጎረቤት ያዞረዋል፣ ለጎረቤት የዞረ ደግሞ ዋስ የለውም። በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ። ወረፋ ከሌለ አንዴ ይታደስ፣ ወረፋ ካለ አይታደስም። ወረፋውን በስም ዝርዝር አድርጉት፣ መጽሐፉ ሲመለስ ለተረኛው ይደወል፣ በ2 ቀን ካልመጣ ለሚቀጥለው ይለፍ።

ቅጽ 1 እና ቅጽ 2 ያለው ከሆነ ሁለቱን አብራችሁ አትስጡ። ቅጽ 2 ከጠረጴዛው ጀርባ ይቀመጥ፣ ቅጽ 1ን ለመለሰ ብቻ ይሰጥ። አለበለዚያ አንዱ ሁለቱንም ይዞ ይጠፋል፣ ሌላው መሀል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

መያዣ ብር የምትሉትን እኔ አልወደውም። ቀን ሠራተኛውንና ተማሪውን ያስቀራል፣ የገንዘቡ ደረሰኝና ሒሳብ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የቀበሌ መታወቂያ ቅጂ፣ አንድ ጉርድ ፎቶ፣ ሥራ ያለው አንድ ዋስ። ለተማሪ የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ዋስ ይሁን። ቅጣቱም መጽሐፉን ራሱን ወይም ተመሳሳይ ዘርፍ የሆነ አዲስ መጽሐፍ መተካት ይሁን፤ በአሮጌው የሽፋን ዋጋ አታስከፍሉ። ከአሥር ዓመት በፊት የታተመ ዋጋ ዛሬ ግማሹንም አይገዛም።

ቦርከና | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:05

ኅዳጉ ላይ «ገዳዩ የእንጀራ አባቱ ነው» ብሎ የሚጽፈውስ? ኧረ እሱን ምን ይሻላል!

የሸዋ በሯ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:22

በእርሳስ ከሆነ በለስላሳ ላጲስ፣ ከመሀል ወደ ዳር ብቻ እየገፉ። ወዲህ ወዲያ ካሻሹት ቅጠሉ ይታጠፍና ይቀደዳል። በስክሪብቶ ከሆነ አትፋቁት፣ በበረኪናም አትንኩት፤ ወረቀቱ ይበላል፣ ቀለሙም ወደ ማዶ ያልፋል። ከጽሑፉ የሚበልጥ ቀጭን ነጭ ወረቀት በቪናቪል ይለጠፍበት። ደግሞ ከፊት ሽፋኑ ውስጥ ባዶ ወረቀት ለጥፉና «አስተያየትዎን እዚህ፤ የገዳዩን ስም ግን አይጻፉ» በሉ። መጻፍ የሚያምረው ሰው መጻፊያ ካገኘ ኅዳጉን ይተዋል።

ጠራዥ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40

የጥራዙን እኔ ልመልስ። መጀመሪያ የማይደረገው፦ ስኮች አይለጠፍ፤ ይቢጫል፣ ይደርቃል፣ ሲነሣ ፊደሉን ይዞ ይነሣል። በስቴፕለር አይመታ፤ በደሴና በሐይቅ ክረምት ሽቦው በአንድ ዓመት ይዝግና ወረቀቱን ይበላል። ሱፐር ግሉም አይነካ፤ እንደ ብርጭቆ ደርቆ ሲገለጥ ቀጭ ይላል።

አንድ ሁለት ቅጠል ብቻ ከወለቀ፦ የቅጠሉ ጠርዝ ላይ ከ2 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ቪናቪል በቀጭን ብሩሽ ይቀባ፣ እስከ ጀርባው ገብቶ ይተከል፣ አናቱ ከሌሎቹ ጋር ይስተካከል፣ ከግራና ከቀኙ የሰም ወረቀት ወይም የላስቲክ ቁራጭ ይግባ፣ ክብደት ተጭኖበት ይደር። ላስቲኩ ካልገባ ሦስት ገጽ አብሮ ተጣብቆ ታገኙታላችሁ።

ብዙ ቅጠል ከወለቀ ግን ሙሉ ጥራዝ ነው። ሽፋኑን ሳይቀደድ አንሡ። በገጽ ቁጥር ቅደም ተከተሉን አጣሩ። ከጀርባው ላይ የቆየውን ደረቅ ኮላ በእጅ ልጡ፤ አልነሣ ካለ በቢላ ጀርባ ፋቁት። ከዚያ ቅጠሎቹን አንድ ላይ ይዛችሁ ጠረጴዛ ላይ በጀርባቸውና በአናታቸው እያነካካችሁ አስተካክሉ። በሁለት ጣውላ መሀል ይታሰር፣ ጀርባው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ይታይ። በብርጭቆ ወረቀት ሻክር እስኪል ይፈግ። በብረት መጋዝ 5 ወይም 6 ቦታ፣ 2 ሚሊ ሜትር ጥልቀት፣ ትንሽ ዘመም አድርጋችሁ ቁረጡት። የመጋዙን ዱቄት በብሩሽ ጥረጉ፤ እሱ ከቀረ ኮላው የሚይዘው ዱቄቱን እንጂ ወረቀቱን አይደለም።

አሁን ጣውላውን ላላ አድርጉና ጀርባውን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋችሁ ቪናቪል ቀቡ፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጋችሁ ድገሙ። ሲዘነብል እያንዳንዱ ቅጠል ትንሽ ትንሽ ጠርዙን ስለሚያሳይ ኮላው በመካከላቸው ይገባል፤ ጥንካሬው ያለው እዚህ ላይ ነው። መልሳችሁ እሰሩ፣ በተቆረጡት ቦታዎች የጥጥ ክር አስገቡ፣ ከላይ ሻሽ አልብሱ። ሻሹ ከጀርባው በሁለቱም ጎን 2 ሳንቲ ሜትር ይተርፍ። እንደገና ኮላ። 24 ሰዓት ይደር፤ በክረምት 36። ሽፋኑ መጨረሻ ላይ ይመለሳል።

ቪናቪሉን በውሃ አታቅጥኑት። ኮላ ለመቆጠብ ግማሽ በግማሽ የሚያደርጉ አሉ፤ ወረቀቱ ውሃውን ይጠጣና ጀርባው ይጨማደዳል፣ ሲደርቅም አይዘረጋም። አንድ 250 ገጽ ልቦለድ የሚፈልገው ከሁለት የሾርባ ማንኪያ አይበልጥም፤ ቁጠባው ለምኑም አይሆን።

አዲሱንም መጽሐፍ ከመዋሱ በፊት አለማምዱት። ጀርባውን ጠረጴዛ ላይ አቁማችሁ ከፊት አሥር ቅጠል፣ ከኋላ አሥር ቅጠል እየገለጣችሁ በጣት በቀስታ ተጫኑ፣ እስከ መሀሉ ድረስ። ሙቅ ኮላ በብርድ ይደድራል። የደሴ ጠዋት ላይ አዲስ መጽሐፍ ከመሀሉ በአንዴ ከተበረገደ እዚያው ለሁለት ይከፈላል።

የጦሳ ጥላ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:10

ጠራዥ እጅህ ይባረክ። ስለ ክረምቱ አንድ ልጨምር፦ መደርደሪያው ከውጭ ግድግዳ 10 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ የታችኛው እርከን ከወለል 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ መጻሕፍቱ መሀል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ሻጋታ ከታየ ወደ ደጅ አውጥቶ በደረቅ ጨርቅ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ። በእርጥብ ጨርቅ ማበስ ሻጋታውን መዝራት ነው።

አቡጀዲ | ረቡዕ፣ ከረፋዱ 5:00

ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? በቴሌግራም ሁሉም መጽሐፍ በፒዲኤፍ አለ። ቤተ መጻሕፍቱ አንድ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ ለሁሉም በፍላሽ ቢያድል አይቀልም?

ችሎት | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:15

ወንድሜ አቡጀዲ፣ አይቻልም። በአዋጅ 410/1996 የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ለግል መገልገያ ማባዛት የተፈቀደ ቢሆንም አንድን መጽሐፍ ሙሉውን ወይም አብዛኛውን ክፍል አይጨምርም። ቴሌግራም ላይ የተለቀቀውም በአብዛኛው ያለፈቃድ የተነሣ ነው፤ የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት ይህን ቢያድል ተጠያቂው ራሱ ነው። ለትርፍ ለማይሠራ ቤተ መጻሕፍት ግን አንድ በር አለ፦ የጠፋ ወይም የተበላሸ ቅጂን ለመተካት፣ ሌላ ቅጂ በተገቢው መንገድ ማግኘት ካልተቻለ። ሐይቅ ዳር የጎደሉትን የመጨረሻ ገጾች ከሌላ ቤተ መጻሕፍት ቅጂ ፎቶ ኮፒ አድርጎ መተካት የሚችለው በዚህ በር ነው። መጀመሪያ ግን ገበያ ላይ መፈለጉን በጽሑፍ ያስቀር።

ሌላ ነገር፤ የወንጀል መደርደሪያችሁ አጠገብ ሁለት የሕግ መጽሐፍ አቁሙ፤ የ1996ቱን የወንጀል ሕግና የ1954ቱን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ። የአሜሪካ ትርጉም የለመደ አንባቢ ችሎት ሁሉ ጁሪ (ከሕዝብ የተመረጠ ፈራጅ ቡድን) ያለበት ይመስለዋል። የእኛ አገር ልቦለድ ደግሞ የሚንጠለጠለው በጊዜ ቀጠሮ ላይ ነው፦ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ይላል፣ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 539 ከባድ የሰው ግድያ፣ 540 ተራ የሰው ግድያ። ይህን ያወቀ አንባቢ ደራሲው የት ላይ እንዳጭበረበረው ይይዛል፤ ግማሹ ደስታ እሱ ነው። አውጫጭኝንና አበጋርን የሚመለከቱ ጥናቶች ካገኛችሁም እዚያው አጠገብ ይቁሙ። ወንጀለኛን በጉባኤ አውጥቶ መለየትና ደም ማድረቅ እዚሁ አገራችን ያለ ታሪክ ሆኖ ሳለ መርማሪ ሁሉ ኮት ለብሶ ከለንደን የሚመጣ መምሰሉ ያሳዝናል።

ሰቆጣ ማዶ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:00

መዋስ ለማይችለው፣ ለመንገደኛና ለሹፌር፣ አጫጭር ታሪኮች እዚያው ይነበቡ። የሼርሎክ ሆምስ 56ቱ አጫጭር ታሪኮች ለዚህ የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ በአንድ ሰዓት ገደማ ያልቃል። ረጃጅሞቹ 4 ብቻ ናቸው፣ እነሱ ለውሰት ይሂዱ።

ቦርከና | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:40

ሐይቅ ዳር፣ 300 መጽሐፍ በአንድ ከተማ ያሉ ደንበኞች በአንድ ዓመት ይጨርሱታል። ተዘዋዋሪ ሣጥን አስቡበት። ደሴ፣ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ መርሳ፣ ወልድያ በአንድ አስፋልት ላይ ናቸው። እያንዳንዱ ቤተ መጻሕፍት 40 ጥራዝ በአንድ ሣጥን ያዘጋጅ፣ በየ2 ወሩ ሣጥኑ ወደሚቀጥለው ከተማ ይለፍ፣ የወልድያው ወደ ደሴ ይመለስ። ዝርዝሩ በሦስት ቅጂ፤ አንዱ ሣጥኑ ክዳን ውስጥ ይለጠፍ፣ አንዱ በላኪ፣ አንዱ በተቀባይ እጅ። ንብረትነቱ የላኪው እንደሆነ ይቆያል። ከ40 በላይ አታድርጉ፤ ሣጥኑን አንድ ሰው ብቻውን ከሚኒባስ ማውረድ ካልቻለ ሁለተኛ ዙር የለም።

ንብረት ክፍል | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:15

ለመዘዋወሩ የመግባቢያ ሰነድ ቀድሞ ይፈረም፤ አለበለዚያ በሞዴል 22 ወጪ አድርጉ ይሏችሁና ንብረቱ ከእናንተ ላይ ጨርሶ ይወርዳል። በውሰት የወጣና በወጪ የወጣ አንድ አይደለም። ግንቦት መጨረሻ ላይ ሁሉም ሣጥን ወደ ባለቤቱ ይመለስ፣ ቆጠራው እንዳይበላሽ።

ሐይቅ ዳር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:05

ለሁላችሁም ክብረት ይስጥልን። አንድ ይቀረኛል፤ በራዲዮ ትረካ ሲተላለፍ አንዱን መጽሐፍ ሁሉም በአንድ ሳምንት ይጠይቃል። አንድ ቅጂ ብቻ ሲሆን ምን ይደረግ?

የሸዋ በሯ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:30

ውሰቱን ወደ 3 ቀን አውርዱት፣ ወረፋው ከ10 ሰው ሲያልፍ ሁለተኛ ቅጂ ግዙ፤ ከሁለት በላይ አትግዙ። ትረካው ሲያልቅ ጥያቄውም ያልቃልና፣ አምስት ቅጂ የገዛ ቤተ መጻሕፍት አራቱን አቧራ ያስጠጣል። እስከዚያው በሩ ላይ «ይህን የወደዱ እነዚህንም ይመልከቱ» ብላችሁ ከመደርደሪያው ላይ አራት ርዕስ ጻፉ፣ መጻሕፍቱንም ከማስታወቂያው ሥር ፊታቸውን አዙራችሁ አቁሟቸው። ጀርባው ብቻ ከሚታይ መጽሐፍ ይልቅ ሽፋኑ የሚታየው ይነሣል።